ድሮንን መተዳደሪያ ለማድረግ፦ ከፈተናው ባሻገር ያሉ ፈቃዶች

ካሜራ የተገጠመለት ድሮን ዛሬ እንደ ስልክ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል። ገዢው ባትሪውን ከሞላና መቆጣጠሪያውን ከስልኩ ጋር ካገናኘ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከመስጂድ ሚናራ በላይ ከፍ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። መሣሪያው ነፋስ ቢገፋው ራሱን ያስተካክላል፤ ከመቆጣጠሪያው ጋር ያለው ግንኙነት ቢቋረጥ ወደተነሣበት ስፍራ ይመለሳል። ለአብራሪው የሚቀረው ሥራ ጣትን ማንቀሳቀስ ብቻ ይመስላል። «ለዚህ ደግሞ ፈቃድ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣውም ከዚሁ ቅለት ነው።

ጥያቄው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሰርግና ወሊማን፣ የዒድ ዝግጅትንና የማኅበረሰብ ስብሰባን በቪዲዮ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ከላይ የተቀረጸ ምስል ደግሞ የባለሙያውን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል። ከወር ደመወዙ እየቆጠበ፣ ወደ አገር ቤት ከሚልከው ላይ እየቀነሰ ድሮን ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ስሌቱ ትክክል ነው። የገዛውን ለገንዘብ ማብረር በጀመረበት ቀን ግን የሚገናኘው ከአንድ ሕግ ጋር ብቻ አይደለም። ሲሳሳት የሚያጣውም መሣሪያውን ብቻ ላይሆን ይችላል።

የንግድ ድሮን ፈቃድ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በግልጽ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። የአሜሪካን አሠራር መመልከት ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪም ይጠቅማል። የሳዑዲ ጠቅላላ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ስለ አነስተኛ ድሮኖች ያወጣው ደንብ ክፍል 107 ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የአሜሪካው ደንብ የሚታወቅበት ቁጥር ነው።

አሜሪካም እዚህ የደረሰችው ያለ ውዝግብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 ራፋኤል ፒርከር የተባለ አብራሪ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላይ ለማስታወቂያ የሚሆን ምስል በክፍያ ቀረጸ። የአገሪቱ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በግዴለሽነት አብርሯል ሲል የ10,000 ዶላር ቅጣት ጠየቀበት። በ2014 ጉዳዩን የተመለከቱት ዳኛ በሰውዬው ላይ ሊጸና የሚችል ሕግ የለም ብለው ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ ውሳኔውን ገለበጠው። ሁለቱ ወገኖች በ2015 በ1,100 ዶላር ተስማምተው ተለያዩ። ከዚህ ክርክር በኋላ ድሮን በሕግ ፊት መጫወቻ ሳይሆን አውሮፕላን መሆኑ አከራካሪነቱ ቀረ።

በእነዚያ ዓመታት በድሮን ሊሠራ የፈለገ ሰው ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ለዚያም ሰው የሚሳፈርበትን አውሮፕላን የማብረር ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። የቤት ጣሪያ ፎቶ ለማንሣት ሴስና ማብረር መማር ማለት ነው። ይህ ግራ የሚያጋባ አሠራር ያበቃው ክፍል 107 እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2016 ሥራ ላይ ሲውል ነው።

ደንቡ ከአመልካቹ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳት የሚችል፣ በጤናው ለበረራ ብቁ የሆነ ሰው ማመልከት ይችላል። ዜግነት መስፈርት አይደለም። የጽሑፍ ፈተናው 60 ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎች አሉት፤ የተሰጠው ጊዜ 2 ሰዓት፣ የማለፊያው ውጤት 70 ከመቶ፣ የመፈተኛው ክፍያ 175 ዶላር ነው። የወደቀ ሰው ከ14 ቀናት በኋላ እንደገና ከፍሎ ይቀመጣል። ያለፈው ደግሞ በኢንተርኔት አመልክቶ፣ የትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር ማንነቱን ካጣራ በኋላ የርቀት አብራሪነት የምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። በየ24 ወሩ ዕውቀቱን ማደስ አለበት፤ ይህ ከ2021 ወዲህ ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚወሰድ ትምህርት ሆኗል።

በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ አመልካቹ ድሮን ሲያበር የሚያየው ሰው የለም። የተግባር ፈተና የለም። በእጁ ነክቶት የማያውቅ ሰው መጽሐፍ አንብቦ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል ማለት ነው። ይህ ጉድለት መሆኑን መካድ አይቻልም፤ መኪና ሳያስነዱ መንጃ ፈቃድ እንደመስጠት ነው። ጥያቄዎቹን ለሚያይ ሰው ግን የሕግ አውጪው ሐሳብ ግልጽ ይሆናል። መሣሪያው ራሱን ማብረር ከቻለ፣ ከሰውየው የሚፈለገው እጅ ሳይሆን ያለበትን ሰማይ ማንበብ መቻሉ ነው።

የፈተናው ትልቁ ራስ ምታትም ይኸው ንባብ ነው። ለተፈታኙ የአብራሪዎች የአየር ካርታ ይቀርብለታል። ሰማያዊና ሐምራዊ ክበቦች ተደራርበውበታል፤ በእያንዳንዱ ክበብ ውስጥ የአየር ክልሉ ከየትኛው ከፍታ እስከ የትኛው ቁጥጥር እንደሚደረግበት በቁጥር ተጽፏል። ከአንድ መንደር አጠገብ ድሮን ማንሣት ይቻላል ወይስ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሎ ይጠየቃል። ቀጥሎ የአየር ንብረት ዘገባ ይመጣል። ዘገባው በኮድ የተጻፈ ስለሆነ 18015 የሚለውን ቁጥር ያየ ሰው ነፋሱ ከ180 ዲግሪ፣ ማለትም ከደቡብ፣ በ15 ኖት ፍጥነት እንደሚነፍስ ማወቅ አለበት።

ከጥያቄዎቹ መካከል ለእኛ አካባቢ ነዋሪ በተለይ የሚቀርበው የአየር ጥግግት ጉዳይ ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከፍታ ሲጨምርም እንዲሁ። በሳሳ አየር ውስጥ የድሮን ተሽከርካሪ ክንፎች ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ መሽከርከር አለባቸው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ መሣሪያውም ለትእዛዝ ይዘገያል። በሪያድ የበጋ ቀትርም ሆነ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ እንዳለ አይገኝም። ይህን ያላወቀ አብራሪ ድሮኑ ከእንግዶች ራስ በላይ ሳለ ባትሪው እያለቀ መሆኑን ሲያይ ይደነግጣል፤ ያወቀው አስቀድሞ ያወርደዋል።

ሌሎቹ ድንጋጌዎች ለማስታወስ ቀላል ናቸው። ከመሬት ከ400 ጫማ፣ ወይም 122 ሜትር ገደማ፣ በላይ መውጣት አይፈቀድም። መሣሪያው ከአብራሪው ዓይን መራቅ የለበትም፤ በመቆጣጠሪያው ስክሪን ማየት እንደማየት አይቆጠርም። ለሥራ የሚበር ድሮን ክብደቱ ምንም ያህል ቢያንስ በ5 ዶላር ለ3 ዓመት ይመዘገባል። ጨለማ ሲሆን ከ3 ማይል ርቀት የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሊኖረው ይገባል። በሰዎች ራስ ላይ ማብረር ደግሞ መሣሪያው የተወሰኑ የደህንነት መስፈርቶችን ካላሟላ በቀር ክልክል ነው፤ ሰርግ ቀራጮች በብዛት የሚስቱትም ይህንን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነጥብ «ንግድ» የሚለው ቃል ነው። ገንዘብ ካልተቀበልኩ ፈቃድ አያስፈልገኝም የሚል እምነት በሰፊው አለ። የአሜሪካው ሕግ ግን የሚጠይቀው ክፍያ መኖር አለመኖሩን ሳይሆን የበረራውን ዓላማ ነው። ለራስ መዝናኛ ብቻ ያልተደረገ በረራ ሁሉ በክፍል 107 ሥር ይወድቃል። አንድ ወጣት የዒድ ሶላትን ለመስጂዱ ድረ ገጽ በነጻ ቢቀርጽ፣ ወይም የዘመዱን ሱቅ ለማስተዋወቅ ከላይ ፎቶ ቢያነሣ፣ ኒያው በጎ ቢሆንም በረራው መዝናኛ አይደለም። ደንብ የጣሰ በረራ ለአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ግልጽ ነው፦ ያንብቡ፣ ይፈተኑ፣ ይመዝገቡ፣ ያብርሩ። መንገዱ ድንገት የሚዘጋው የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ በብዛት በሚኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ነው። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ወዲህ በሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ክበብ ውስጥ ያለ ልዩ የመንግሥት ፈቃድ ድሮን ማብረር አይቻልም። ኢትዮጵያውያን የሚበዙባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በክበቡ ውስጥ ናቸው። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ያቋቋሙት የፈርስት ሂጅራ መስጂድም እንዲሁ። በዚያ የሚኖር ሰርግ ቀራጭ ፈተናውን አልፎ፣ ካርዱን በኪሱ ይዞ፣ ድሮኑንም አስመዝግቦ ሳለ በገዛ ጓሮው ማንሣት አይችልም። ፈቃዱ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። ካርዱ የሚመሰክረው ስለ ሰውየው ነው፤ መሣሪያው የራሱ ምዝገባ አለው፤ ሰማዩም የራሱ ጠባቂ አለው። ሦስቱ ካልተሟሉ በረራ የለም።

ይህ ሦስተኛው ጉዳይ በባሕረ ሰላጤው ከሁሉም በላይ ይከብዳል፤ ለምን እንደከበደም የአካባቢው ነዋሪ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ያልተፈቀደ ድሮን በመታየቱ የዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ለ69 ደቂቃ ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት መዘጋቱ ተደገመ። በዓለም አቀፍ መንገደኞች ብዛት ቀዳሚ ለሆነ ማረፊያ አንድ ሰዓት ማለት የብዙ ሺህ ሰው ጉዞ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 በሳዑዲ አረቢያ አብቃይቅና ኹረይስ በሚገኙ የነዳጅ ተቋማት ላይ በድሮንና በሚሳኤል የተፈጸመው ጥቃት በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል የሚሆን ምርት አስተጓጎለ፤ ይህም የአገሪቱን ምርት ግማሽ ያህላል። ጃንዋሪ 17 ቀን 2022 ደግሞ አቡ ዳቢ ላይ በደረሰው ጥቃት ሦስት ሰዎች ተገደሉ። ሦስቱም የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁለቱ ሕንዳውያን፣ አንዱ ፓኪስታናዊ።

ከአምስት ቀን በኋላ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር የግለሰብ ድሮኖች በረራን በሙሉ አገደ። የሥራ ውል ወይም የማስታወቂያ ቀረጻ ያላቸው ተቋማት ወደ ፈቃድ ሰጪዎቹ አካላት ሄደው የተለየ ፈቃድ እንዲጠይቁ ተነገራቸው። በዚያው ዓመት የድሮንን ሲቪላዊ አጠቃቀም የሚመለከት የፌዴራል ሕግ ወጣ። እገዳው በከፊል የተነሣው በጃንዋሪ 2025፣ ምዝገባና ፈቃድ በአንድ ብሔራዊ የኢንተርኔት መድረክ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል በመሳቢያ ውስጥ የቆየ ድሮን ያለው ሰው ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያስታውሰዋል።

እዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። እሱም በመሬት ላይ የመሥራት ፈቃድ ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 39 የውጭ አገር ሠራተኛ ለራሱ ሒሳብ እንዳይሠራ ይከለክላል። በሹፌርነት ወይም በጥበቃ ሥራ የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጠው ሰው አርብ አርብ ሰርግ እየቀረጸ ገንዘብ ቢቀበል፣ ድሮኑን ሳያስነሣ በፊት በካሜራው ብቻ ሕግ ጥሷል። በድሮን ጉዳይ ሲጠየቅ ይህም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በባሕረ ሰላጤው የድሮን ሥራ የሚጀምረው ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሳይሆን ከቀጣሪው ነው። በቀረጻ፣ በቅየሳ ወይም በሕንፃ ፍተሻ ላይ ተሰማርቶ የንግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ሠራተኛውን በሙያው ይመዘግባል፤ የበረራውን ፈቃድም በስሙ ይጠይቃል። ብቻውን የሚሮጥ ወጣት ይህን እንደ መሰናክል ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን ኃላፊነቱን የሚጋራው ድርጅት ከሌለ የገንዘቡም የቅጣቱም ሸክም የእሱ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የሰው ገመና ነው። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ የሰውን ግላዊነት በመጣስ ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሣትን በወንጀል ይቆጥራል። ድሮን አጥር አያግደውም። የሙሽሮችን መኪና የሚከተል ካሜራ በመንገዱ ላይ የጎረቤትን ግቢና ሴቶች ለብቻቸው የተቀመጡበትን አዳራሽ በር ያነሣል። አብራሪው ሊቀርጽ ያላሰበውን ነገር መቅረጹን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቤቱ ገብቶ ሲመለከተው ነው። ያን ጊዜ ምስሉን ማጥፋት እንጂ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም። በማኅበረሰባችን ዘንድ የቀራጭ ስም የሚጠፋው ከፍርድ ቤት አስቀድሞ በዚህ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ መሣሪያውን የሚገዙት ለዚህ ሳይሆን ለአገር ቤት ነው። አሜሪካ የተሰጠ ካርድ ያለው ወይም በባሕረ ሰላጤው የሠለጠነ ሰው አዲስ አበባ ገብቶ ለመሥራት ያስባል። የአየር ክልል ሕግ መሠረት የሆነውና በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት ግን በመጀመሪያ አንቀጹ እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 8 ደግሞ አብራሪ የሌለበት አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ አገር ላይ እንዳይበር ይከለክላል። ዛሬ በኪስ ቦርሳ የሚያዝ ድሮን ይፈጠራል ብሎ ያሰበ ሰው ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ድንጋጌ ነው። የአንዱ አገር የድሮን ፈቃድ ሌላው ጋር በራሱ አይሠራም።

በኢትዮጵያ የድሮን ፈቃድ ጉዳይ ከአቪዬሽን ይልቅ ወደ ጸጥታ ያደላ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሲሆን፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ የገባ ድሮን ቦሌ ላይ በጉምሩክ ይያዛል። መንገደኛው ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ሻንጣው በኤክስሬይ ውስጥ ካለፈ በኋላ ነው። ያለፉት ዓመታት ጦርነት «ድሮን» የሚለውን ቃል በብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ከሰርግ ጋር ሳይሆን ከሞት ጋር አያይዞታል፤ የፈታሹ ጥንቃቄም ከዚህ ተለይቶ አይታይም።

በሌላ በኩል ለሥራው የሚያስፈልገው ዕውቀት አልተዘጋም። የአሜሪካው አስተዳደር የክፍል 107ን የጥናት መመሪያና የናሙና ጥያቄዎች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት አስቀምጧል። ካርታውን፣ የነፋሱን ኮድና የአየሩን ጥግግት ጅዳ ወይም ሻርጃ ተቀምጦ ማጥናት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በድርጅት ለመቀጠር ሲቀርብ ድሮን አለኝ ከሚለው የተሻለ ነገር ይዞ ይቀርባል። መሣሪያውን መግዛት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ለአገር ቤት የሚገዛውም ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ፈቃዱን ይጠይቅ፤ መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ድሮኑን የገዛበት አገር ትቶት ይሂድ።